አፍ ተከፍቶ የማይታየው ቶንሲል

ቡናው እስኪወርድ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ምራቃችሁን ስትውጡ ጉሮሯችሁ ላይ የሆነ ነገር ተቀምጦ የሚሰማችሁ ጊዜ አለ? ትውጡታላችሁ፣ አይወርድም። አክ ትላላችሁ፣ አይወጣም። እህል ስትበሉ ጭራሽ ትረሱታላችሁ፤ ማታ ጋደም ስትሉ ይመለሳል።

እዚህ ፔዳ፣ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢ አካባቢ በተደረደሩት ቡና ቤቶች፣ ይህ ጥያቄ ተነሥቶ ሁሉም ዝም ሲል አላየሁም። አንዱ «ቶንሲል ነው፤ አሞክሳሲሊን ግዛ» ይላል። አንዷ «ጨጓራህ ነው፤ ቃር ነው» ትላለች። ቡና የሚያፈሉት እናት ደግሞ ሲኒውን እያለቀለቁ «እንጥልህ ወርዶ ነው እኮ ልጄ» ይላሉ። እኔ ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግኩት ከእነዚህ መሀል ማንም ስሙን ስላልጠራው ቦታ ነው፤ ስለ ምላስ ሥር ቶንሲል።

አዎ፣ እዚያም ቶንሲል አለ። የምላስ ሥር ስል ምላስ ወደ ላይ ሲነሣ ከታች የሚታየውን ማለቴ አይደለም፤ ምላስ ወደ ጉሮሮ ታጥፎ የሚወርድበትን የኋለኛውን ሲሶ ማለቴ ነው። አፍ የቱንም ያህል ቢከፈት አይታይም። ዶርም ውስጥ የስልክ መብራት አብርተው መስተዋት ፊት ምላሳቸውን የሚጎትቱ ልጆች አሉ። ምላሳቸውን በጣም ሲያወጡ ከኋላ ከ8 እስከ 12 የሚሆኑ ክብ ክብ እብጠቶች በ«ለ» ፊደል ቅርጽ ተሰልፈው ያያሉ። ያኔ እንጥላቸው ዱብ ይላል፤ «ካንሰር ነው» ብለው ሌሊቱን ሳይተኙ ያድራሉ። እነዚያ ግን ጣዕም የምንለይባቸው ጤነኛ አካላት ናቸው፤ ሁላችንም አሉን። የምላስ ሥር ቶንሲል የሚጀምረው ከእነሱ ወዲያ፣ መብራቱ ከማይደርስበት ነው።

ጀርመናዊው የአካል ጥናት ሊቅ ሃይንሪሽ ዋልደየር በ1884 እ.ኤ.አ. ጉሮሮን ዙሪያውን የከበበ የቶንሲል ቀለበት እንዳለ ጻፈ። (ክሮሞዞም የሚለውን ስም ለሳይንስ ያበረከተውም እሱ ነው።) ቀለበቱ ከላይ፣ ከአፍንጫ ጀርባ ይጀምራል፤ ልጆች አፋቸውን ከፍተው እንዲተኙ የሚያደርገው አዴኖይድ የሚባለው እዚያ ነው። ከጆሮ የሚመጣው ቱቦ በሚከፈትበት አካባቢም ጥቂት አለ። በግራና በቀኝ ሁላችንም ቶንሲል የምንላቸው ሁለቱ ተቀምጠዋል። ቀለበቱን ከታች የሚገጥመው የምላስ ሥሩ ነው። የሁሉም ሥጋ አንድ ዓይነት ነው፤ እግራችን ሲቆስል ብሽሽታችን ላይ ንፍፊት ሆኖ የሚያብጠው ዓይነት። ሥራቸውም በፔዳ ግቢ በር ላይ ቆሞ የሚገባውን ሁሉ እንደሚፈትሽ ጥበቃ ነው። የምንበላው፣ የምንጠጣውና የምንተነፍሰው በፊታቸው ያልፋል፤ ተሐዋስያኑን ይይዛሉ፣ መልካቸውንም ለቀረው ሰውነት ያስታውቃሉ። ሥራ ሲበዛባቸው ያብጣሉ። በልጅነት ትልልቅ የሚሆኑትም ለዚህ ነው፤ ሕፃን ዓለሙን ገና እየተዋወቀ ነውና። አዴኖይዱ በጉርምስና ጊዜ እየቀነሰ ይሄዳል። የምላስ ሥሩ ግን በአዋቂነትም ሊያብጥ ይችላል።

ለምን ያብጣል? አንዱ ምክንያት ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነው። የግራና የቀኙ ቶንሲል በቀዶ ሕክምና ከወጣ በኋላ፣ የቀረው የቀለበቱ ክፍል ሥራውን ተረክቦ ሊያድግ ይችላል። «ቶንሲሌን ካስወጣሁ ስንት ዓመቴ፤ ምን ቀርቶብኝ ነው ጉሮሮዬ የሚታነቀው?» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ መልሱ ይህ ሊሆን ይችላል። ዳውን ሲንድረም ያለባቸው ልጆች ላይ ደግሞ በብዛት ይታያል፤ ቶንሲላቸው ወጥቶም ሌሊት ትንፋሻቸው እየተቋረጠ የሚቸገሩ ልጆች ወላጆች ይህን ቢያውቁት እወዳለሁ።

ሌላው ምክንያት ቃር ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ነገሩ የእኛው የእለት ተእለት ኑሮ ነውና። የጨጓራ አሲድ ወደ ላይ ሲመለስ ደረት ላይ ብቻ አይቀርም። አንዳንድ ሰው ደረቱን ምንም ሳያቃጥለው አሲዱ ማታ ማታ እስከ ጉሮሮው ይደርሳል፤ ጠዋት ሲነሣ ድምፁ ጎርንኖ፣ አፉ መርሮ፣ አክ አክ ሲል ይውላል። የምላስ ሥር ቶንሲል በዚያ አሲድ ሲለበለብ ይቆጣል፣ ያብጣል። ታዲያ እኛ እንዴት እንበላለን? ተማሪው እራቱን በጊዜ ይበላና እኩለ ሌሊት ላይ ሲያጠና ይርበዋል፤ ወጣ ብሎ እስኪጠግብ ፍርፍር ይበላል፤ ተመልሶ ወዲያው ይጋደማል። ሠራተኛው ቀኑን በቡናና በዳቦ ገፍቶ ዋናውን ማዕድ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ይቀርባል። ጾመኛው እስከ 9 ሰዓት ቆይቶ የበላውን ማታ ይደግመዋል። ጾሙን አልነቅፍም፤ እኔም ጾመኛ ነኝ። ጉዳቱ ያለው ሆድ ሞልቶ መተኛቱ ላይ ነው። በመጨረሻው ጉርሻና በመኝታ መካከል ሁለት ሦስት ሰዓት ይኑር። አልጋው በራስጌው በኩል ካሉት እግሮቹ ሥር ጡብ ወይም ጣውላ ተደርጎለት አንድ ስንዝር የማይሞላ ከፍ ቢል፣ አሲዱ ሽቅብ መሄድ ይከብደዋል። ትራስ መደራረብ ግን አንገትን ብቻ አጥፎ ሆድን ይጫናል እንጂ አይረዳም። ብዙ ሰው ኪኒን ከመጀመሩ በፊት ይህን ብቻ አድርጎ ይሻለዋል። ቡናን በተመለከተ፣ ቃር የሚቀሰቅስበት ሰው አለ፤ ምንም የማይለውም አለ። ከጠጣችሁ በኋላ ራሳችሁን አዳምጡ።

ሲጋራም ያሳብጠዋል። ተደጋጋሚ የጉሮሮ ኢንፌክሽን፣ አለርጂ፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረትም በምክንያትነት ይጠቀሳሉ። ኤች አይ ቪም የዚህን ዓይነቱን ሥጋ ያሳብጣል፤ ስለዚህ ሐኪም የጉሮሮ ሕመም ይዛችሁ ሄዳችሁ የደም ምርመራ ቢያዝ አትቀየሙት። ጥሩ ሐኪም ነው ማለት ነው፤ ዛሬ መድኃኒቱ በእጃችን ነው፤ አውቆ መጀመሩ ደግሞ ጉሮሮውንም ሌላውንም ይጠቅማል።

ምልክቶቹን ካነሣን አይቀር፣ መጀመሪያ የጠየቅኳችሁ ያ «የሆነ ነገር አለ» የሚለው ስሜት ዋነኛው ነው። ደረቅ ሳል ይከተላል። ንግግር፣ ትኩስ ድንች አፍ ውስጥ እንዳለ ዓይነት፣ ታፍኖ ይወጣል። ምግብ ሲወርድ ይከረክራል። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን የሌሊቱ ነው። በጀርባ ሲተኙ ምላስ ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ ሥሩ ላይ ያበጠ ሥጋ ካለ የአየሩን መንገድ ያጠበዋል። ሰውየው ያንኮራፋል፣ ድንገት ጸጥ ይላል፣ ትንፋሹ ይቆማል፣ ከዚያ ታንቆ እንደ ነበረ ሰው በጎርናና ድምፅ ይነቃል። በሌሊት ብዙ ጊዜ ይደጋግመዋል፤ ጠዋት አያስታውሰውም። የሚያስታውሰው አጠገቡ የተኛ ሰው ነው። ቀን ላይ እንቅልፍ ይጥለዋል፤ የደም ግፊቱም ይጨምራል። ልጅ ከሆነ ደግሞ ክፍል ውስጥ ይነጫነጫል፣ ትምህርቱ አይገባውም፤ «ሰነፍ» ይባላል። ባለቤታችሁ ወይም የዶርም ጓደኛችሁ «ሌሊት ትንፋሽህ ይቆማል» ካላችሁ፣ ያ ምስክርነት ከብዙ ምርመራ ይበልጣልና ለሐኪም ንገሩ።

ድምፅን ካነሣሁ ስለ ባለ ዜማዎቻችን አንድ ነገር ልበል። ከባሕር ዳር ወደ ምሥራቅ በደቡብ ጎንደር የድጓው ቤተልሔምና የዝማሬ መዋሥዕቱ ዙር አምባ አሉ፤ በጣና ገዳማትም ማኅሌት ሲቆም ያድራል። ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ የሚያዜም ሰው ጉሮሮው መሣሪያው ነው። ድምፃቸው ሲዘጋ ዝንጅብልና ማር ይወስዳሉ፤ ያለሰልሳል፤ ደግ ነው። ግን ድምፅ ከሦስት ሳምንት በላይ እንደ ተዘጋ ከቀረ መታየት አለበት። መታየት የሚለውን ከልቤ ነው የምለው። እንዲያውም የጉሮሮን ጥልቅ ክፍል በሕይወት ባለ ሰው ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ አጥርቶ ካዩት መካከል ስሙ የሚነሣው ሐኪም አይደለም፤ የድምፅ መምህር ነው። ማኑኤል ጋርሲያ ይባላል፣ ስፔናዊ ነው። ድምፅ ከየት እንደሚወጣ ማወቅ እንቅልፍ ነሣው። በ1854 እ.ኤ.አ. የጥርስ ሐኪም ትንሽ መስተዋት ገዛ፤ ጉሮሮው ውስጥ ከተተና በሌላ የእጅ መስተዋት የፀሐይ ብርሃን አንጸባርቆ የገዛ ራሱን የድምፅ አውታሮች ሲንቀሳቀሱ አየ። በማግሥቱ ዓመት ግኝቱ ለንደን በሚገኘው ሮያል ሶሳይቲ ፊት ቀረበ። ሰውየው 101 ዓመት ኖሮ በ1906 እ.ኤ.አ. ዐረፈ። ዛሬ የአንገት በላይ ሐኪም የሚያደርገው የዚያኑ ልጅ ልጅ ነው፤ ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ቀጭን ተጣጣፊ ቱቦ በአፍንጫ ያስገባል። አፍንጫችሁን በሚያደነዝዝ ነገር ይረጨዋል፤ ነቅታችሁ ተቀምጣችሁ፣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የምላስ ሥራችሁን፣ የድምፅ አውታራችሁን ሁሉ ያያል። ትንሽ ይኮረኩራል፣ ዓይን ያስነባል፤ አያምም።

አሁን ወደ እንጥሉ ልመለስ፤ እናታችን ያሉት አላለቀምና። እንጥል «ወረደ» ሲባል ጉሮሮ ቆስሎ፣ ዙሪያው አብጦ፣ እንጥሉም አብሮ ረዝሞና ቀልቶ ስለሚታይ ነው። እናት ልጇ ሲያስል፣ ጡት ሲጠላ፣ ሲያስመልስ አፉን ከፍታ ስታይ፣ ከፊት ለፊቷ የተንጠለጠለው እንጥል ብቻ ነው የሚታያት። ስለዚህ ጥፋተኛው እሱ ይሆናል። «አብጦ ይፈነዳል፣ ልጁን ያንቀዋል» የሚለው ፍርሃት ትውልድ ተሻግሮ የመጣ ነው። ከዚያ ሕፃኑ እንጥል ቆራጭ ዘንድ ይወሰዳል፤ በምላጭ፣ በክር ወይም በፈረስ ጭራ ይቆረጥለታል። ለቶንሲል ደግሞ ጉሮሮ ማስቧጠጥ አለ፤ ጣት ገብቶ በጥፍር ያበጠው ይቦጠጣል። በአማራ ክልልም በሌላውም የአገራችን ክፍል ይህ ለረጅም ዘመን የተለመደ ነበር፤ ዛሬም አልጠፋም። ይህን ስናገር እናቶችን ለመውቀስ አይደለም። ልጅ ከእጅ እንዳያመልጥ በመፍራት የሚደረግ ነው፤ ፍርሃቱም ያለ ምክንያት አልመጣም፤ ጉሮሮ የሚዘጉ፣ ልጅ የሚገድሉ በሽታዎች ነበሩ። ክትባቱ ባልነበረበት ዘመን ዲፍቴሪያ ምን ያደርግ እንደነበር አያቶቻችን ያውቃሉ።

እንጥል ግን ሥራ አለው። ስንውጥ ከላንቃው ጋር ተነሥቶ የአፍንጫውን መንገድ ይዘጋል፤ ምራቅ እያመነጨም ጉሮሮን ያረጥባል። ሲቆረጥ ሕፃኑ ሊደማ ይችላል፤ ሕፃን ደግሞ ብዙ ደም የለውም። ቁስሉ ያመረቅዛል፤ ቴታነስ ይገባል፤ አንድ ምላጭ ከልጅ ወደ ልጅ ሲዞር ሄፓታይተስና ኤች አይ ቪ አብረው ይዞራሉ። ይህ ሁሉ ተከፍሎም ሳሉን ያመጣው ነገር፣ ሳንባ ምች ይሁን፣ አለርጂ ይሁን፣ ያበጠ አዴኖይድ ይሁን፣ እዚያው አለ። የምላስ ሥሩማ እንጥል ከተንጠለጠለበት ታች ስለሆነ የማንም ጥፍር በደኅና አይደርስበትም፤ ይድረስ ቢባልም እንደ ጎኖቹ ቶንሲል ከሥጋው የሚለይ ሽፋን የለውም፤ ከምላሱ ጋር የተዋሐደ ነው፤ ከሥሩም ትልልቅ የደም ሥሮች አሉ። በ1987 እ.ኤ.አ. የተቋቋመውና ኋላ የኢትዮጵያ ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች አስወጋጅ ማኅበር የሆነው ብሔራዊ ኮሚቴ ስለ እንጥል መቁረጥ ለዓመታት አስተምሯል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 561 የሕፃን እንጥል መቁረጥንና የወተት ጥርስ ማውጣትን በስም ጠቅሶ ልጅ የሞተበትን ያስቀጣል። ሕጉ መኖሩ መልካም ነው፤ እኔ ግን እናቲቱን የሚመልሳት አፉ ውስጥ ያለውን በትዕግሥት የሚያሳያትና የሚያስረዳት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ይመስለኛል።

ይህን «ኋላ ቀርነት» ብሎ በእኛ ላይ ብቻ የሚለጥፍ ካለ ደግሞ አንድ ታሪክ አለኝ። ሮማዊው ኬልሱስ ከሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ቶንሲልን በጣት ፈልቅቆ ስለማውጣት ጽፏል። ያ ጥንት ነው እንበል። በ1934 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ውስጥ 1,000 የ11 ዓመት ተማሪዎች ተመረመሩ። ከእነሱ 611ዱ ቶንሲላቸው ቀድሞ ወጥቶ ነበር። የቀሩትን 389 ሐኪሞች አዩና 174ቱ ቶንሲላቸው እንዲወጣ ወሰኑ። «ደኅና ናችሁ» የተባሉት 215 ወደ ሌሎች ሐኪሞች ሲላኩ 99ኙ እንዲቆረጥላቸው ተፈረደ። አሁንም የተረፉት 116 ለሦስተኛ ጊዜ ሲታዩ ለ51ዱ ያው ተባለ። በሁሉም ዙር ውሳኔው ግማሽ ለመሙላት ጥቂት የቀረው ነበር፤ ከሺው ልጆች ቶንሲሉ ሳይወጣ ወይም ይውጣ ሳይባል የቀረው 65 ብቻ ሆነ። ሐኪሞቹ ክፉዎች አልነበሩም፤ ቶንሲል ሁሉ መውጣት አለበት የሚል ዘመን ላይ ሆነው ያዩ ነበር። ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር የእኛ እናቶችና የኒው ዮርክ ሐኪሞች አንድ መደብ ላይ የተቀመጡ ይመስለኛል፤ ዓይን ያረፈበትን መቁረጥ በሁሉም አገር ይቀናል። ዛሬ እዚያም ቢሆን ቶንሲል የሚወጣው ሕመሙ በዓመት ስንት ጊዜ እንደተመላለሰ ተቆጥሮ፣ ወይም የልጁ እንቅልፍና ትንፋሽ ታውኮ ሲገኝ ነው።

አንድ ነገር ግን እንዳይሳትብኝ። «አትቁረጡ» ማለት «ዝም በሉ» ማለት አይደለም። ልጅ ድንገት አተኩሶት ጉሮሮውን አሞት፣ ሳልና ንፍጥ ሳይኖረው፣ ቶንሲሉ ላይ ነጭ መግል ከታየና መንጋጋው ሥር ያለው ዕጢ ሲነኩት ካመመው፣ ነገሩ ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል። ከ5 እስከ 15 ዓመት ባሉት ልጆች ይበዛል። በወጉ ካልታከመ ሰውነት ባክቴሪያውን ሲዋጋ የገዛ ልቡን ሊወጋ ይችላል፤ የልብ በሮች ይጎዳሉ። ዶክተር በላይ አበጋዝ በ1989 እ.ኤ.አ. የመሠረቱት የኢትዮጵያ ልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ያለው፣ ከሚያክማቸው ልጆች ብዙዎቹ ጉዳታቸው ከጉሮሮ የጀመረ ነው። ሕመሙ በጀመረ በዘጠኝ ቀን ውስጥ ፔኒሲሊን ከተሰጠ ያ ጣጣ ይቀራል። አንድ መርፌ፣ ወይም የ10 ቀን ኪኒን፤ ልጁ በሦስተኛው ቀን ቢሻለውም እስከ መጨረሻው የሚወሰድ። ከመድኃኒት ቤት ሁለት ፍሬ አሞክሳሲሊን ገዝቶ ዋጥ ማድረግ ከዚህ ጋር አይቆጠርም።

ጣና ዳር ሆኜ ስለ ምላስ ሥር አውርቼ የዓሣ አጥንት ሳላነሣ ብቀር ደግሞ ሐይቁ ይታዘበኛል። ቆረሶ ጥብስ ስንበላ የሚወጋን ያ ቀጭን አጥንት ብዙ ጊዜ የሚሰካው ቶንሲሉ ላይ ወይም ምላስ ሥሩ ላይ ነው፤ ሥጋው ጎድጎድ ጎድጎድ ያለና ለስላሳ ነውና ይይዘዋል። ልማዳችን ትልቅ የእንጀራ ጉርሻ ወይም ሙዝ ሳያኝኩ መዋጥ ነው። አጥንቱን ይዞት የሚወርድበት ጊዜ ይኖራል፤ ወደ ውስጥ ገፍቶ የሚቀብረውም አለ፤ ያኔ ማውጣቱ ይከብዳል። ጣት መክተትም አይበጅም። የተወጋችሁበትን ወገን ልብ በሉና ሳትበሉ ወደ ሕክምና ሂዱ። ምራቅ መዋጥ ካቃተ፣ አንገት ካበጠ ወይም ደረት ከወጋ ለነገ አይባልም።

ሕክምናውስ? ያበጠ የምላስ ሥር ቶንሲል የተገኘበት ሰው ሁሉ ቢላ አያስፈልገውም። ሐኪሙ መጀመሪያ ያሳበጠውን ይፈልጋል፤ ቃር ከሆነ አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት ለተወሰኑ ሳምንታት ይሰጣል፤ አለርጂ ከሆነ የአፍንጫ ስፕሬይ፤ የባክቴሪያ ኢንፌክሽን ከሆነ አንቲባዮቲክ፤ ሲጋራ ከሆነ ማቆም። ለብ ባለ የጨው ውሃ መጉመጥመጥ ሕመሙን ያስታግሳል። ብዙ ሰው በዚህ ይገላገላል። ትንፋሽ ከዘጋ፣ እንቅልፍ ከነሣ ወይም መዋጥ ካስቸገረ ግን በሙሉ ማደንዘዣ ይወጣል፤ የተሟላ መሣሪያ ባለበት በሌዘር ወይም ኮብሌሽን በሚሉት ዘዴ ይሠራል። በባሕር ዳር ጤና ጣቢያ አይቷችሁ ከከበደው ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ዩኒቨርሲቲው ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል ሪፈር ይጽፋል፤ የአንገት በላይ ሐኪም ብላችሁ ጠይቁ።

ሳትውሉ ሳታድሩ እንድትሄዱ የምለምናችሁ ደግሞ እነዚህ ሲታዩ ነው፦ እብጠቱ ወይም ሕመሙ በአንድ ወገን ብቻ ከሆነና እየባሰ ከሄደ፤ ጆሮ ደኅና ሆኖ ሳለ ጆሮ የሚወጋ ሕመም ካለ፤ ምራቅ ደም ከቀላቀለ፤ አንገት ላይ የማያም ዕጢ ወጥቶ ሦስት ሳምንት ካለፈው፤ ሰውነት ያለ ምክንያት ከቀነሰ። ምላስ ሥር ላይ ካንሰር፣ ሊምፎማ የሚባለውም ዓይነት ጭምር፣ ሊበቅል ይችላል፤ ቦታው ድብቅ ስለሆነ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ዘግይቶ ነው። ናሙና ተወስዶ ይመረመራል። በጊዜ ከተደረሰበት የሚታከም ነው።

ሦስተኛው ሲኒ ከመነሣቱ በፊት አንዲት የቀረች ነገር አለች፤ ለእኔ ግን ከሁሉ የምትበልጠው። ሰው ለቀዶ ሕክምና ሲተኛ ማደንዘዣ የሚሰጠው ባለሙያ መተንፈሻ ቱቦ በአፉ ያስገባለታል። አስቀድሞ «አፍህን ክፈት፣ ምላስህን አውጣ» ብሎ ያያል፤ ያበጠው ከዚያ ወዲያ ከሆነ ሁሉም ነገር ደኅና ይመስለዋል። በሽተኛው ከተኛ በኋላ ግን መንገዱ ይጠፋል። ኦቫሳፒያንና ባልደረቦቹ በ2002 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ባሳተሙት ጥናት፣ ቱቦ ማስገባት ሳይታሰብ ያልተቻለባቸውን 33 ሰዎች ኋላ በካሜራ ሲያዩአቸው፣ በሁሉም ላይ ያገኙት ያበጠ የምላስ ሥር ቶንሲል ነበር። ስለዚህ አንገት በላይ ሐኪም አይቶ «የምላስ ሥር ቶንሲልህ አብጧል» ካላችሁ፣ ምንም ባያስቸግራችሁ እንኳ ወረቀቱን አትጣሉት። ነገ ለትርፍ አንጀት ይሁን ለወሊድ ቀዶ ሕክምና ክፍል ስትገቡ ለማደንዘዣ ባለሙያው አሳዩት፤ ወረቀቱ ባይኖር በቃል ንገሩት። እሱም ከማስተኛቱ በፊት ሌላ መሣሪያና ሌላ እጅ አዘጋጅቶ ይጠብቃል፤ ካስፈለገም እናንተ ነቅታችሁ እየተነፈሳችሁ ሳለ ቱቦውን በካሜራ እየመራ ያስገባል።